መረብ ይጠብቃል

በረዶ በመጋዝ ቀድጄ፣ ከሥሩ መረብ ዘርግቼ
የምኖር ሰው ነኝ፣ ታይስቶ፣ በዚህች ደሴት አርጅቼ።
ላፕቶፕ ምን ያደርግልኛል? ግን አዲስ ሕግ አለ፤
«የያዝከውን ዓሣ በኪሎ ጻፍ፣ ጠዋት ጠዋት» ተባለ።
የእህቴ ልጅ ሲኒካ አሮጌዋን ሰጠችኝ፣
ከቱርኩ፣ ከትምህርት ቤቷ ቢሮ፣ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

ቢሮ ለቢሮ ያደገች ናት፣
ከግድግዳ የወጣ ሽቦ፣ እንደ እትብት፣ የሚመግባት።
እዚህ ሽቦ የለ፤ የጥቅምት ማዕበል ምሰሶውን ጣለው፤
ጠጋኙ በመርከብ ነው የሚመጣ፣ መርከቡን በረዶ አሰረው።

ጠዋት ቁልፏን እጫናለሁ። ጥቁር ገጽ። ነጭ ፊደል።
«መረብ እየጠበቅሁ ነው» ትላለች፤ ቁጥሩም ይቀጥል፣ ይቀጥል።
መቶ ሃያ ሰከንድ።
በዚያች ጊዜ የቀደድሁት ጉድጓድ ይመለሳል ወደ በረድ።

«መረብ ከሆነ የቸገረሽ» አልኳት አንድ ቀን፣ «ይኸውልሽ ከደጅ፤
ሠላሳ ሜትር ነው፣ ሁለቱን ጫፍ የቋጠርሁት በገዛ እጅ።»
አልሰማችኝም። ላም አለኝ በሰማይ
ብላ ስትቆጥር ታድራለች፣ ወተቷንም ላታይ።
እሷ ትጠብቃለች፤ የእኔም ቋጠሮ ይጠብቃል፤
የእኔስ ውሃ ሲነካው ነው፤ የሷው በምን ይላላል?

ኦስሞ መጣ በሸርተቴ፣ ከወዲያኛው ደሴት፣
አርባ ዓመት በባሕር ሬዲዮ የመርከበኛ ድምፅ ሲጠብቅ ያደረ፣ ዛሬ ጉልበቱ የታመመበት።
ቁጭ ብሎ ቆጠረ አብሯት፣ እስከ መቶ ሃያ ድረስ፤
ከዚያ ሳቀ፣ ጢሙ ላይ የያዘው በረዶ እስኪፈርስ።

«አልታመመችም» አለ፣ «ታዛዥ ናት፤ ይኸው ነው ነገሩ።
‹መረብ ሳይመጣ ማንም እንዳይነሣ› ተብሎ ተጽፏል ከበሩ።
ያዘዛት ሰው ቱርኩ ቀረ፤ ትእዛዙ ግን አልቀረም፤
መጠበቅን እንጂ መተውን ማንም አላስተማራትም።»

በሁለት ጣት ጻፈ። አንድ መስመር።
«አትጠብቂ፤ ሥራሽን ጀምሪ። ከመጣ ከኋላ ይግባ፣ በጓሮ በር።»
አጥፍተን አበራን።
ዐሥራ አራት ሰከንድ! መነጽሬን ሳላገኝ፣ እሷው ቀድማ ጠበቀችን።

ኦስሞ ሄደ።
ከመጣ ከኋላ ይግባ። ይህን ነገር ሰምቼዋለሁ፤
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ድስቱን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።
ወንድሜ ኤይኖ፣ በመጋቢት፣ በስስ በረዶ ወጥቶ አልተመለሰም፤
እናታችን «እሱ ሳይመጣ ማንኪያ አይነሣም» አለች፤ ያነሣም የለም።
ማታ ማታ ሾርባው ይፈላል፣ ይበርዳል፣ ደግሞ ይሞቃል፤
አባቴ መስኮት ያያል፤ እህቴን እንቅልፍ ጠረጴዛው ላይ ይጥላል።
ስንት ማታ እንደሆነ አላውቅም።
የሚቆጥር ነጭ ፊደል አልነበረም።

አንድ ማታ ጭልፋውን አነሣች፣ ለሁላችንም ቀዳች፤
የሱን ሳህን ግን አላነሣችም፣ ከምድጃው ጥግ ደፋች።
«ብሉ» አለች። «ከመጣ፣ ሳህኑ የት እንዳለ ያውቃል።»
ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር። ምላሴ ላይ ዛሬም ይታወቃል።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ተሰነጠቀ፤ መርከብ ገባ፣ ምሰሶው ተነሣ።
ጠዋት እጽፋለሁ፦ «ዐሥራ አንድ ኪሎ ነጭ ዓሣ፤
መረቡ አንድ ቦታ ተቀዷል።»
ከገጹ ጥግ ትንሽ ምልክት በራ። ድምፅ የለው፤ ዝም ብሎ ገብቷል።
ላፕቶፗ አልደነገጠችም፤ ሥራዋ ላይ ነበረች።
እኔ ነኝ እጄን ከፊደሉ ያነሣሁ፣
ወደ ጓሮው በር ያየሁ።